አጥቂ ያለ ደጀን አይገፋም
ከካርቱሙ 4 ለ 0 እስከ ሚዩኒኩ 5 ለ 0

ሰኞ ጧት በየጦር ሠፈሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ለስንት ወጡ?» የሚለው ነው። ሌሊቱን በጥበቃ ያሳለፈው ወታደር ገና ትጥቁን ሳይፈታ ይጠይቃል፤ በመዝናኛ ክበቡ ጨዋታውን የተመለከተው ባልደረባውም ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ጎል ያገቡትን ተጫዋቾች ስም ይደረድርለታል፤ ወሬውም በዚሁ ይዘጋል።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የአሥር አለቃ ይህንኑ ወሬ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ የአውሮፓ ክለብ ተቃራኒውን እንዴት በጎል እንዳጥለቀለቀው፣ ተከላካዩ ሳይቀር ወደ ፊት ሄዶ እንዳገባ ለባለቤቱ አስረዳት። እርሷም ሲኒውን እያቀረበችለት፣ «እሺ፤ ሁሉም ወደ ፊት ከሮጠ ቤቱን ማን ይጠብቅ ነበር?» ስትል ጠየቀችው። የአሥር አለቃው ለጊዜው መልስ አጣ።

ጥያቄዋ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የታላላቅ ክለቦች አሠልጣኞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመራመሩበት የኖሩት ይኸው ነው። ጎል የሚያገባው ሰው ስሙ ይጻፋል፤ ኳሷን የቀማውና ቦታ የሸፈነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ክፍተት የደፈነው ግን በውጤት መዝገብ ላይ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ስማቸው ያልተጻፈውን እነዚህን ሰዎች ለመፈለግ እንሞክራለን። መነሻችንንም የአገራችን ቡድን ትልቅ ሽንፈት ከቀመሰበት አካባቢ እናደርጋለን።

ሶባና ካርቱም

ዓባይ ከደጋው ወርዶ የሱዳንን ሜዳ ሲያቋርጥ፣ ካርቱም ከመድረሱ በፊት ሶባ በሚባለው ሥፍራ አጠገብ ያልፋል። ሶባ በጥንት ዘመን አልዋ የተባለው የክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች። ከዚያች ከተማ የቀረው የአፈር ቁልልና የሸክላ ስባሪ ነው። ጡቧ እንኳ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ካርቱም ስትሠራ እየተነሣ ለግንብ ሥራ ውሏል። ስሟ ግን አልጠፋም፤ በዘመናችን የካርቱም ዳርቻ የሆነው ሰፈር በዚሁ ስም ይጠራል።

የኳስ ውጤትም እንደ ሶባ ነው። ዘመን ሲያልፍ ስምና ቁጥር ብቻ ይቀራሉ፤ ሕንፃው ምን ይመስል እንደነበረ ለማወቅ የሚሻ ሰው መቆፈር አለበት።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. ከሶባ ጥቂት ራቅ ብሎ በካርቱም ከተማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በዚያው ወርም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ስለተሰረዘች፣ ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ቀረበች። ግብፅ ግን ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ፣ በግጥሚያ ተፈትና ነበር የመጣችው።

የካቲት 9 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። አራቱንም ጎሎች ያገባው ኤድ ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር። በ1951 ዓ.ም. በሁለተኛው ዋንጫ ሁለቱ ቡድኖች በካይሮ ሲገናኙም ውጤቱ እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። በሁለት ግጥሚያ ስምንት ጎል ተቆጠረብን፤ እኛ አንድም አላገባንም። ቁጥሩን ብቻ የሚመለከት ሰው «ከእነዚህ ጋር ምን አገናኘን?» ብሎ ተስፋ በቆረጠ ነበር።

ሦስተኛው ግጥሚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ፤ እርሱም የሦስተኛው ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። የቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉም ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በ35ኛው ደቂቃ ግብፆች ቀደሙ። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ ሆነች። የሕዝቡ የደስታ ጩኸት ሳይበርድ፣ በ75ኛው ደቂቃ ግብፆች እንደገና አገቡ። ያ አንድ ደቂቃ የስንቱን ቡድን ወኔ በሰበረ ነበር። ነገር ግን መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኢትዮጵያ 2 ለ 2 አደረገች። በተጨማሪው ሰዓትም ሁለት ጎሎች ተከታተሉ፤ የመጨረሻውን በ117ኛው ደቂቃ ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። ውጤቱ 4 ለ 2 ሆኖ ዋንጫው በአገር ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሁለት ጊዜ የተመራ ቡድን በ84ኛውና በ117ኛው ደቂቃ ጎል የሚያገባው የፊት መስመሩ ብቻ በርትቶ አይደለም። ሁለተኛው ጎል ከተቆጠረ በኋላ ሦስተኛ እንዳይገባ የኋላው መስመር ከ40 ደቂቃ በላይ በሩን ዘግቶ ስለቆየ ነው። ሦስተኛው ገብቶ ቢሆን ኖሮ የመንግሥቱን ጎል ዛሬ የሚያነሣ ሰው ባልኖረ ነበር።

ወደ ኋላ የሚመለስ አጥቂ

አሁን ወደ አውሮፓ ክለቦች እንሻገር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በግንቦት ወር 1960 በስኮትላንድ ከተማ በግላስጎው የአውሮፓ ሻምፒዮና ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። ተመልካቹ ከ127 ሺህ በላይ ነበር። የጀርመኑ አይንትራኽት ፍራንክፈርት በግማሽ ፍጻሜው የግላስጎውን ሬንጀርስ በደርሶ መልስ 12 ለ 4 የጣለ ኃይለኛ አጥቂ ቡድን ነው። በፍጻሜውም የመጀመሪያውን ጎል ያገባው እርሱ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ሪያል ማድሪድ 7 ለ 3 አሸነፈ። ፑሽካሽ አራት፣ ዲ ስቴፋኖ ሦስት አገቡ።

ዲ ስቴፋኖ በወረቀት ላይ የመሀል አጥቂ ቢሆንም በጎሉ አፍ ላይ ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ወደ ራሱ ሜዳ ተመልሶ ከተከላካዮቹ እግር ሥር ኳስ ይቀበላል፤ መሀሉን አቋርጦ ያከፋፍላል፤ ከዚያም ጎሉ አፍ ላይ ደርሶ ያስቆጥራል። ይህን ሰው ለመያዝ የታዘዘ ተከላካይ ግራ ይገባዋል፤ ቢከተለው ቦታውን ባዶ ይተዋል፤ ባይከተለው ነፃ ይለቀዋል። ፍራንክፈርትም ሦስት ጎል ማግባት አላቃተውም፤ ያቃተው እርሱ ሲያጠቃ የተተወውን ክፍት ቦታ መሸፈን ነበር።

ተከላካዩ ያገባው ጎል

በዚያው ዘመን አካባቢ ሌላ ሥልት ገንኖ ነበር። በሄሌኒዮ ሄሬራ የሚሠለጥነው የሚላኑ ኢንተር በ1964 እና በ1965 የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደው ካቴናቺዮ በሚባለው የመከላከል ሥልት ነው። ትርጓሜው የበር መቀርቀሪያ ማለት ነው። በተከላካዮቹ ጀርባ አንድ ተጨማሪ ሰው ያቆማል፤ ሾልኮ የሚመጣውን ሁሉ ይለቅማል። አንድ ጎል ካገባም በሩን ቀርቅሮ ይቀመጣል።

በግንቦት ወር 1967 በሊዝበን ይህ ቡድን ከስኮትላንዱ ሴልቲክ ጋር ተገናኘ። የሴልቲክ ተጫዋቾች በሙሉ ከስታዲየማቸው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ የተወለዱ፣ የአንድ አካባቢ ልጆች ነበሩ። ኢንተር በ7ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት መርቶ እንደ ልማዱ በሩን ዘጋ። አሠልጣኙ ጆክ ስቴን ግን መፍትሔውን ያገኘው ከኋላ መስመሩ ነው። የኢንተር ተከላካዮች የሴልቲክን አጥቂዎች አንድ በአንድ ይዘዋል፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ግን የሚይዘው አልነበረም። በ63ኛው ደቂቃ የቀኝ ተከላካዩ ክሬግ ያቀበለውን ኳስ የግራ ተከላካዩ ጌሜል ከሩቅ መትቶ አገባው።

መመሪያው አንደኛው ተከላካይ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው እንዲቀር ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ሁለቱም ሄደው ነበር። ሕጉን የጣሱት ቡድናቸው ሲመራ፣ ጊዜውም ሲያጥር ነው። በ84ኛው ደቂቃ ሁለተኛው ጎል ተጨምሮ ሴልቲክ 2 ለ 1 አሸነፈ። እንግዲህ አጥቂ ማለት የፊት መስመር ስም አለመሆኑን የሊዝበኑ ጨዋታ አሳየ።

ቦታ መተካት

የሆላንዱ አያክስ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሥርዓት ለወጠው። በሪኑስ ሚኬልስ ተጀምሮ በኮቫች የቀጠለው ሥልት ቶታል ፉትቦል ተባለ። አያክስ በ1971፣ በ1972 እና በ1973 ተከታትሎ ሦስት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በ1972 ፍጻሜ ኢንተርን 2 ለ 0 ሲረታ ሁለቱንም ያገባው ዮሃን ክራይፍ ነበር።

የሥልቱ ምሥጢር ለወታደር እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው ምድቡን ለቅቆ ወደ ፊት ሲሄድ፣ ያ ምድብ ለአንድ አፍታም ባዶ አይቀርም። ተከላካዩ ሲወጣ የመሀሉ ሰው ይገባለታል፤ የመሀሉ ሰው ሲወጣ አጥቂው ወደ ኋላ ይመለስለታል። ኳሷ በእነርሱ እጅ ስትሆን ሜዳውን እስከ ጠርዙ ድረስ ይለጥጡታል፤ ስትወሰድባቸው ደግሞ ያጠቡታል፤ ቅርብ ያሉት ሰዎችም ኳሷን በያዘው ላይ ወዲያው ይረባረቡበታል።

በ1989 በአሪጎ ሳኪ የሚመራው ኤሲ ሚላን በፍጻሜው የሮማኒያውን ስቴዋ 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ይኸው ሐሳብ በመለኪያ ተሠርቶለት ነበር። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ድረስ ያለው ርቀት ከ25 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ሳኪ ያስገድድ ነበር። በልምምድም ላይ ተጫዋቾቹ ያለ ኳስ፣ ኳሷ ያለችበትን ቦታ በሐሳብ ብቻ እየተከተሉ በአንድነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሱ ነበር። ጉሊትና ቫን ባስተን ሁለት ሁለት ጎል አገቡ። ጎሎቹ የተወለዱት ግን ከዚያ አሰልቺ ልምምድ ነው።

በግንቦት 1 ቀን 2009 ማግሥት የባርሴሎና ክለብ በማድሪድ ሜዳ ሪያል ማድሪድን 6 ለ 2 አሸነፈ። አሠልጣኙ ጓርዲዮላ ከክንፍ የለመደውን ሜሲን ወደ መሀል አመጣው፤ ሜሲም እንደ ጥንቱ ዲ ስቴፋኖ ወደ ኋላ እየተመለሰ የማድሪድን ተከላካዮች ግራ አጋባቸው። በዚያ ጨዋታ ሜሲ ሁለት፣ ኦንሪ ሁለት አገቡ። የቀሩትን ሁለት ያገቡት ፑዮልና ፒኬ፣ ማለትም ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ናቸው።

አንድ አፍታ መዘናጋት

በጥበቃ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ጨዋታ በግንቦት ወር 2019 በሊቨርፑል ተደረገ። ባርሴሎና በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 0 አሸንፎ ነበር የመጣው። ሊቨርፑል በመልሱ ጨዋታ ሦስት ጎል አግብቶ ድምሩን አቻ አደረገው። በ79ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ተሰጠ። ከሜዳው ዳር የቆመው ኳስ አቀባይ ልጅ ኳሷን ፈጥኖ አቀረበ። የቀኝ ተከላካዩ አሌክሳንደር አርኖልድ ከቦታው የሚርቅ መስሎ ድንገት ተመለሰና መታት። የባርሴሎና ተከላካዮች ፊታቸውን አዙረው ነበር። ኦሪጊ ብቻውን ቆሞ አገባ፤ 4 ለ 0።

በመዝገቡ ላይ የኦሪጊ ስም ተጽፏል። ኳሷን ያቀበለው ልጅ ለአምስት ሴኮንድ ቢዘገይ ኖሮ ግን ተከላካዮቹ ፊታቸውን በመለሱ ነበር።

በ2025 ግንቦት ማብቂያ በሚዩኒክ ደግሞ የፓሪሱ ፒ.ኤስ.ጂ. ኢንተርን 5 ለ 0 አሸነፈ። በዚህ ዋንጫ የፍጻሜ ታሪክ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ባለ ልዩነት ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው አሽራፍ ሐኪሚ ነው፤ እርሱም የቀኝ ተከላካይ ነው። ዋናው አጥቂ ደምቤሌ በዚያ ቀን አንድም ጎል አላገባም፤ ነገር ግን ሁለት ጎል አመቻችቷል፤ የኢንተር ተከላካዮችና ግብ ጠባቂው ኳስ በያዙ ቁጥርም እየሮጠ ያጨናንቃቸው ነበር። ተከላካዩ ያገባል፤ አጥቂው ይከላከላል። በሊዝበን የተጀመረው ነገር ከ58 ዓመት በኋላ በሚዩኒክ እዚህ ደረሰ።

ሜዳ የሌለው ክለብ

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በካርቱም በ1949 ዓ.ም. የተጀመረው ዋንጫ በ1962 ዓ.ም. ተመልሶ በዚያው ከተማ ሲካሄድ ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 ረትታ የራሷ አደረገችው። የኦምዱርማኑ ሒላል በ1987 እና በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለአፍሪካ ሻምፒዮና ክለቦች ፍጻሜ ደርሷል፤ ተቀናቃኙ መሪኽ ደግሞ በ1989 የአፍሪካን ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወስዷል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ። እሳቱ ካርቱምን፣ ኦምዱርማንን፣ ሶባንም ጭምር አዳረሰ። ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ክለቦቹም ሜዳቸውን አጡ። ሒላልና መሪኽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በተጀመረው የውድድር ዓመት ከአገራቸው እጅግ ርቀው በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ሒላል በዚያው ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፤ «የሜዳዬ ጨዋታ» የሚለውን ግጥሚያ ያደረገው ግን በባዕድ ከተማ በኑዋክሾት ነበር።

በውጤት መግለጫው ላይ ይህ አይነበብም። ተጫዋቹ ከልምምድ ሲመለስ ከቤተሰቡ ወሬ ለመስማት ስልኩን እንደሚያይ፣ ቤቱ ይቁም ይፍረስ ሳያውቅ ወደ ሜዳ እንደሚገባ ቁጥሩ አይናገርም። አንባቢው ግን ያውቀዋል፤ ከቤቱ ርቆ በምድቡ ላይ የቆመ ወታደርም፣ ደብዳቤና ስልክ እየጠበቀች ልጅ የምታሳድግ ባለቤቱም ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻቸውም።

ለቤተሰብ ዓምዳችን

በመጪው እሑድ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ጨዋታ ለማየት ቢቀመጡ፣ ከኳሷ ሌላ ሦስት ነገሮችን እንዲመለከቱ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የጎን ተከላካዩ ወደ ፊት ሲሮጥ ዐይንን ከእርሱ ላይ አንሥቶ የተወውን ቦታ ማየት ነው። ማን ገባለት? ማንም ካልገባ፣ ጎሉ ከወዴት እንደሚመጣ ከተንታኙ አስቀድሞ መናገር ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ኳስ ሲወሰድበት አጥቂው ምን እንደሚያደርግ መመልከት ነው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል? ወይስ ወዲያው ለመቀማት ይሮጣል? የአጥቂ ቡድን ጥንካሬ ከዚህ ይለያል።

ሦስተኛ፣ ጎል ከገባ በኋላ ያሉትን አምስት ደቂቃዎች ማስተዋል ነው። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አቻነቱ የቆየው ለአንድ ደቂቃ ብቻ እንደነበረ አይዘነጋም።

ልጆችም ከጎል አግቢው ስም ጋር ኳሷን ያስገኘውን ሰው ስም እንዲናገሩ ቢለምዱ መልካም ነው።

የአሥር አለቃው በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ቤቱ ሲገባ ውጤቱን ከመናገሩ በፊት፣ «ባለፈው ቤቱን ማን ጠበቀ ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበረም? የመሀሉ ሰው ነው፤ ተከላካዩ ሲወጣ እርሱ እየገባ ይሸፍን ነበር» አላት። እርሷም «ስሙን ጠሩት?» ብላ ጠየቀችው። አልጠሩትም ነበር። ቡናው ቀረበ፤ ልጆቹም ተሰበሰቡ፤ የዚያን ሰው ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላቸው ያዘ።